ግራ ፍሬን

ጋሽ ጉተማ ማረፋቸውን የሰማሁት አዳማ፣ ታክሲ ውስጥ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ወይዘሮ ድሮ አሰላ ያስተማርኳት ልጅ ሆና ተገኘች። ሰላምታውን በቅጡ ሳንጨርስ፣ «መምህርት፣ ጋሽ ጉተማ እኮ አረፉ። አልሰሙም? ግራ ፍሬን!» አለችኝ። ከፊት ወንበር የነበረ አንድ ሰውዬ የመኪና አደጋ መሰለውና ዘወር ብሎ፣ «ነፍስ ይማር! ሾፌር ነበሩ እንዴ?» ሲል ጠየቀ። መርዶ እየሰማሁ ሳቅ አመለጠኝ። ጋሽ ጉተማ በሕይወታቸው መሪ ጨብጠው አያውቁም። ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። እንዲያውም በቆመ ላንድሮቨር ኋላ በኩል አያልፉም ነበር፤ «ምን ይታወቃል፣ ይራገጥ ይሆናል» ይላሉ። ለሰውዬው ላስረዳው ጀምሬ ነበር፤ ግን «ወራጅ አለ!» ብሎ ወረደ።

ለእሱ ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርሰው።

በደርግ ጊዜ አሰላ ከተማ የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። የተወለድኩት ሁሩታ ነው፤ ሩቅ አገር አይደለም፤ የአሰላን ብርድ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ያን ሰሞን ቀበሌያችን ከአንድ የተወረሰ የፈረንጅ እርሻ የመጣ የፊልም ማሽን ደረሰው። ሊቀ መንበሩ አስጠሩኝና፣ «አንቺ ሳይንስ ታስተምሪ የለ? ማሽኑን አንቺ ትይዣለሽ» አሉኝ። እኔ የማስተምረው የቅጠልና የሥር ነገር ነው ብል ማን ይስማኝ። ጣቴን እያቃጠልኩ፣ ፊልሙን እየበጠስኩ ለመድኩት። እሑድ ከሰዓት በኋላ የአዳራሹን መስኮቶች በብርድ ልብስ እንሸፍንና እናሳያለን።

ፊልሞቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ ከወዳጅ አገር የተላከ የትራክተር ፊልም ነው። ትራክተሩ ያርሳል፤ ያርሳል፤ ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ ያርሳል። ሁለተኛው ከማሽኑ ጋር የመጣ የድሮ የመኪና እሽቅድምድም ነው። መኪኖቹ ጣራ የላቸውም፤ ሸንቀጥ ያሉ፣ ጎማቸው ከአካላቸው ውጭ የወጣ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዙ ናቸው። ነጂዎቹ የቆዳ ቆብ አጥልቀው ትልልቅ መነጽር አድርገዋል። መንገዱ ዳርና ዳሩ በጭድ እስር ታጥሯል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ድምፁም ከሞተ ቆይቷል። ሕዝቡ ያንን ሁሉ እርሻ የሚታገሠው ለዚህ ለሁለተኛው ሲል ነበር።

አስተርጓሚ ያስፈልጋል ተባለና ጋሽ ጉተማ ተመረጡ። በወጣትነታቸው ለጣሊያኖች የጋሪ ዕቃ ሰፍተዋል ስለሚባል ጣሊያንኛ ይችላሉ ተብሎ ይታመን ነበር። ጣሊያንኛቸው «ቻው» ላይ ተጀምሮ «ጎሚስታ» ላይ ያልቅ እንደነበር ግን እኔ አውቃለሁ። በመጀመሪያው ቀን፣ ፊልሙ ሲጀምር የመጣውን የፈረንጅ ጽሑፍ «ግራን ፕሪ» ብዬ አነበብኩላቸው። እሳቸውም ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፤ ይህን ሳያደርጉ ወሬ ጀምረው አያውቁም። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «ግራ ፍሬን!» ብለው አወጁ። «የውድድሩ ስም ነው። የእነዚህ መኪኖች ፍሬን በግራ በኩል ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ወደ ግራ የሚታጠፉበት ቦታ ላይ ጉድ ይፈላል፤ ጠብቁ።»

እኔም ትክክለኛውን ትርጉም አላውቀው፣ ምን ብዬ ልከራከር! ከተማው ፊልሙን «ግራ ፍሬን» ብሎ ጠራው፤ ስሙ ውሎ አድሮ ወደ ሰውየው ተሻገረ።

መኪና ባያውቁም ፈረስ ያውቃሉ። ልጅ ሳሉ በጥምቀት ጉግስ ላይ ጋላቢዎቹን እየጠሩ የሚያሞግሱ እሳቸው ነበሩ አሉ። መኪኖቹንም በፈረስ መልክ ለዩአቸው። ነጩ አምባላይ፣ ጥቁሩ ጉራቻ፣ በመሀል ያለው አመዳም ደግሞ ቡላ ሆነ። ደህና ጋላቢ በፈረሱ ስም ይጠራ የለ? ነጂዎቹም አባ አምባላይ፣ አባ ጉራቻና አባ ቡላ ተባሉ። ጋሽ ጉተማ ከእጃቸው የማትለይ አንዲት ቁራጭ ጠፍር ነበረቻቸው። በእሷ ጭናቸውን ይመታሉ፤ መጀመሪያ ሶምሶማ፣ ቀጥሎ ግልቢያ። በዓለም ላይ ያሉ የእሽቅድምድም መኪኖች ሁሉ በሞተር ድምፅ ሲሮጡ፣ የእኛዎቹ በኮቴ ድምፅ ይሮጡ ነበር። አማርኛውን ይሉና ሳይተነፍሱ ኦሮምኛውን ያስከትላሉ።

«እዩልኝ አባ ቡላን! ልጓሙን ላላ አደረገ! ሩጥ! ፊጊ! ኧረ ፊጊ!»

አንዱ መኪና ጎማ ሊቀይር ሲቆም፣ «ጎሚስታ ገባ» ይላሉ። ጎማው በዐይን ጥቅሻ ተቀይሮ መኪናው ሲወጣ ደግሞ፣ «አያችሁ? የእኛዎቹ ቢሆኑ ይሄኔ ገና ክብሪት እየተበዳደሩ ነው» ሲሉ፣ ኋላ የተቀመጡት የከተማችን ጎሚስታዎች ያጉረመርማሉ።

ፊልሙ መጨረሻ የለውም። ቡላው እየመራ ሳለ አንድ መታጠፊያ ላይ ይደርሳል። መታጠፊያው፣ የጋሽ ጉተማ ዕድል ሆኖ፣ ወደ ግራ ነው። መኪናው ይንሸራተትና የጭዱን እስር መትቶ ይገለበጣል። አቧራ ይነሣል፣ ሰዎች ይሮጣሉ፤ እዚያ ላይ ፊልሙ ተቆርጧል። ከዚያ በኋላ ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው የሚታየው።

በመጀመሪያው ቀን እዚህ ስንደርስ አዳራሹ ጭጭ አለ። «ሞተ እንዴ?» አለ አንድ ሰው በፍርሃት። ጋሽ ጉተማ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ። «ማን ሞተ? ተነሣ እንጂ! ከኤ! ያውላችሁ፣ አቧራውን እያራገፈ!» የማሽኑን መብራት ላጠፋ የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩ። በዚያ ባዶ ነጭ ጨርቅ ላይ አባ ቡላ ተነሣ፤ መኪናውን አቃንቶ ገባ፤ ጉራቻውን አለፈ፣ አምባላዩን አለፈ፣ አንደኛ ወጣ። ሕዝቡ ጣራው እስኪነቃነቅ አጨበጨበ። በዐይኔ አይቼዋለሁ ብሎ የሚምል ሰው አሰላ ዛሬም አይጠፋም። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ በታየ ቁጥር ሰውየው ይነሣል።

አንድ ጊዜ የቀበሌው የፖለቲካ ኃላፊ፣ ኮስተር ያለ ወጣት፣ ቅር አለው። «ጓድ ጉተማ፣ ይህ ‹አባ እንትን› የሚሉት የመሳፍንት መጠሪያ ነው። ሕዝቡን ወደ ኋላ ይመልሳል» አላቸው። «እሺ ጓድ» አሉ በትሕትና። በሚቀጥለው እሑድ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩና ጀመሩ። «እዩልኝ ጓድ ቡላን! ጓድ ጉራቻ ከኋላ እየደረሰበት ነው! ጓድ አምባላይ ጎሚስታ ገባ!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው ራሱ መሀረቡን አፉ ላይ ጭኖ ትከሻው ሲርገፈገፍ አየሁት። ነገሩን ደግሞ አላነሣውም።

ታዲያ ቡላው በሕዝቡ የተወደደው በፊልሙ ብቻ አልነበረም። ከተማችን ውስጥ ሥጋ ለባሽ አባ ቡላ ነበረን። ድንቁ ይባላል፤ የእትዬ ሸዋዬ ልጅ ነው። በአንድ ቡላ ፈረስ ጋሪ እየነዳ እናቱንና እህቱን ያስተዳድር ነበር። ከላይ ከገበያው ገብስ ጭኖ ቁልቁለቱን ሲለቀው መንገደኛ እየተሳደበም እየሳቀም ዳር ይይዝለታል። አዳራሽ ውስጥ ቡላው መኪና ብቅ ሲል ወጣቱ ሁሉ ወደ ድንቁ ዞሮ፣ «በርታ አባ ቡላ!» ይለዋል። እሱም ከአግዳሚው ተነሥቶ እጅ ይነሣል። ሲስቅ ድዱ ይታይ ነበር፤ ሰው አይጠላውም።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣና ድንቁ ወደ ሰሜን ሄደ። ፈረሱ እናቱ ግቢ ቀረ።

እትዬ ሸዋዬ ልጃቸው እያለ ለፊልም ደንታም አልነበራቸው። ከሄደ በኋላ ግን እሑድ እሑድ ከፊተኛው አግዳሚ አይጠፉም። ትራክተሩ ሲያርስ አንገታቸውን ደፍተው ይቆያሉ፤ ቡላው ሲመጣ ቀና ይላሉ። ፊልሙ ሳይጀምር የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው።

«ጋሽ ጉተማ፣ ዛሬም ይነሣል?»

«ምን ጥያቄ አለው ሸዋዬ! ይነሣል እንጂ።»

አንድ እሑድ ሰው ሲበተን ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «የሞኝ ነገር አድርገሽ አትይብኝ፣ ልጄ። እሱ ሲነሣ ካየሁ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ይወስደኛል» አሉኝ። ያን ጊዜ የድንቁ ወሬ ከጠፋ ቆይቶ ነበር። እሳቸውን ሞኝ ይሏቸዋል እንዴ! እኔም ፊልሙን ስጠቀልል፣ ደህና ተነሣ፣ እያልኩ ነበር የምጠቀልለው።

በኋላ አንድ የሲሬ ልጅ እግሩን ቆስሎ ከግንባር ተመለሰ። ወደ አሰላ መጥቶ የዕድራችንን ሽማግሌዎች ለብቻቸው ሰብስቦ፣ ድንቁ መሞቱን፣ በገዛ እጁም እንደቀበረው ነገራቸው። ከመንግሥት ምንም አልተነገረም፤ ልጁም ስለ ግንባር አወራህ እንዳይባል ስሙ እንዳይነሣ ለመናቸው። መርዶ እንደ ደንቡ ማለዳ ሄዶ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ የሚነገር ነው። ነገር ግን የድንቁ እህት ለመውለድ እናቷ ቤት መጥታ ቀኗን ትጠብቅ ነበር። «ትገላገልና ይነገራል» ብለው ወሰኑ። ጋሽ ጉተማ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቁኝ። «አንቺ ልጅ፣ ያ ማሽን አይበላሽም?» አሉኝ።

«ደህና ነው ጋሼ። ምነው?»

«አይ፣ ይበላሽ።»

ከዚያ ነገሩኝ። ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ነበር የነገሩኝ።

ማሽኑ ተበላሸ አልኩ። እሑድ አለፈ፤ ሌላም እሑድ አለፈ። የሚጨቀጭቀኝ ሊቀ መንበሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። እትዬ ሸዋዬ ግን ክፍሌ ድረስ መጡ። ዐይናቸው ጎድጉዷል። «ልጄ፣ የሚሠራው ሰው ጠፋ? ናዝሬት መወሰድ ካለበት በፈረሱ አስጭኜ አውቶቡስ ላይ አስጭንልሻለሁ። እንቅልፍ እኮ አጣሁ» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ወደ ጋሽ ጉተማ ሱቅ ሄጄ ተናገርኩ። ወስፌያቸውን ቆዳው ላይ ሰኩ። «በቃ አሳዪው» አሉ። «‹ተነሣ› እላለሁ። እስከ ዛሬ ስል ኖሬ የለም እንዴ?»

እሑድ ሆነ። እትዬ ሸዋዬ ከፊት ተቀመጡና ጥያቄያቸውን ጠየቁ። ጋሽ ጉተማ ኮፍያቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩ፤ እኔ ቶሎ ብዬ መብራት አጠፋሁ።

እንደዚያ ቀን አሳምረው ተናግረው አያውቁም። ቡላውን የድንቁን ቁልቁለት አስጋለቡት። የፈረንጁን መንገድ ትተው በአሰላ ገበያ፣ በጭላሎ ሥር፣ በገብሱ ማሳ መሀል ወሰዱት። ጠፍሯ ጭናቸው ላይ ታርፋለች ለማለት ይቸግራል። ሰው መጮህ ሁሉ ረስቶ ያዳምጣል። መታጠፊያው መጣ። መኪናው ተንሸራተተ፣ ጭዱን መታ፣ አቧራው ተነሣ፣ ጨርቁ ነጭ ሆነ።

ጋሽ ጉተማ ዝም አሉ።

«ጋሼ፣ ተነሣ በሉ እንጂ!» አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ። አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ። «ተነ…» ብለው ቀሩ። እትዬ ሸዋዬ ከአግዳሚው ቀስ ብለው ተነሡ። ጥላቸው ጨርቁን ሞላው።

«ጋሽ ጉተማ… ልጄ አልተነሣም?»

«አልተነሣም ሸዋዬ» አሉ። «አልተነሣም።»

የዚያን ጩኸት ልጽፈው አልችልም። ሴቶቹ ከበቧቸው፤ አንዱ መስኮት ላይ የነበረው ብርድ ልብስ ወደቀና ብርሃን ገባ። የዕድሩ ዳኛ፣ «መርዶ በሲኒማ! ምን ዓይነት አረመኔነት ነው!» እያሉ ጋሽ ጉተማ ላይ ጮኹ። እህትየው በዚያው ዕለት ምጧ መጣ፤ አንድ ነገር ብትሆን ኖሮ ሰውየውን ከተማው ይቅር አይላቸውም ነበር። ደግነቱ በሰላም ወንድ ልጅ ተገላገለች።

ቀበሌው ግን አልተዋቸውም። ያልተነገረ የግንባር ወሬ በአደባባይ ነዝተዋል ተብለው ታሰሩ። ያ የፖለቲካ ኃላፊ፣ «ማን ነው የነገረዎት?» ይላቸዋል። «ፊልሙ ነው የነገረኝ» ይላሉ። «ፊልሙ እኮ መጨረሻ የለውም!» «እሱን ነው የምልህ።» ከዚህ ሌላ ቃል ሳይወጣቸው ቀረ፤ የሲሬው ልጅ ስም እስከ ዛሬ በማንም አፍ አልተነሣም።

ምግብ ይዤላቸው ስሄድ ጠየቅኋቸው። ተቆጥቼም ነበር። «ለምን ጋሼ? አንድ ቃል ነበር እኮ። እህትየው እስክትወልድ!»

«ስንት እሑድ ዋሽቻለሁ፣ አንቺ ልጅ» አሉ። «ግን የዋሸሁት ስለማላውቀው ፈረንጅ ነበር። እሱ ቢነሣ ባይነሣ ለእኔ ምኔ ነው? ይሄኛውን ግን ጋሪው ላይ ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ። ስለማውቀው ልጅ እንዴት ብዬ ልዋሽ?» ያመጣሁትን ምግብ ሳይነኩት መለሱልኝ።

ያወጧቸው እትዬ ሸዋዬ ናቸው። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ የሐዘኑን ሴቶች አስከትለው ቀበሌው በር ላይ ቆሙ። ሊቀ መንበሩ ሊያጽናኑ ሲወጡ እትዬ ሸዋዬ አላስጨረሷቸውም። «መርዶ ነጋሪዬ ታስሮ እኔ ለቅሶ አልቀመጥም። ወይ ልቀቁልኝ፣ ወይ የልጄን ድንኳን እዚሁ ደጃችሁ ላይ እተክላለሁ።» የወታደር እናት ድንኳን ቀበሌ በር ላይ! ሊቀ መንበሩና የፖለቲካ ኃላፊው ተያዩ። ጋሽ ጉተማ ወዲያው ተለቀቁ።

በሱቃቸው በኩል አልፈው ለቅሶ ቤት ሲደርሱ የሚያናግራቸው አልነበረም። እሳቸውም ማንንም ሳያዩ ወደ ጓሮ ዞሩ። ሲመለሱ የድንቁን ቡላ ይስባሉ። ጀርባው ላይ ራሳቸው የሰፉት አዲስ ኮርቻ አለ፤ የአንድ የዲክሲስ ሀብታም ትእዛዝ እንደነበረ አውቃለሁ። ፈረሱ ዕድሜውን ጋሪ ሲጎትት የኖረ ነው፤ ኮርቻ ተጭኖበት አያውቅም፤ ቆዳውን እያንቀጠቀጠ ቆመ። ድሮ የጀግና ለቅሶ ላይ ፈረሱ ተጭኖ ይወጣና ገድሉ ይነገራል። ለባለጋሪ እንዲህ ሲደረግ ግን ያየ የለም። የዕድሩ ዳኛ፣ «ለጋሪ ነጂ?» ብለው አጉተመተሙ።

«ለአባ ቡላ» አሉ ጋሽ ጉተማ፤ ጠፍሯንም አወጡ።

የድንቁን ነገር ተናገሩ። ማለዳ ከብርዱ ጋር እየታገለ ፈረሱን ሲጠምድ፣ ገብስ ጭኖ ቁልቁለቱን ሲለቀው፣ ምጥ የያዛትን ሴት ሆስፒታል ለማድረስ አውቶቡስ ቀድሞ ሲያልፍ፣ ያ አውቶቡስ ነጂ በመስኮት ሲሰድበው እሱ በድዱ ሲስቅለት። አማርኛውን ይሉና ኦሮምኛውን ያስከትላሉ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያለቅሳል፤ እያለቀሰም በመሀል ይስቃል። እኔ ግን ወሬው እየሮጠ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። ጠፍሯ ፈጠነች። «ከዚያ ደግሞ አባ ቡላ ወደ ሰሜን…» ሲሉ እትዬ ሸዋዬ እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ ላይ ይብቃ፣ ጋሽ ጉተማ» አሉ። «መታጠፊያው ጋ አያድርሱብኝ።»

ጋሽ ጉተማ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ጠፍሯን ቀስ አድርገው ጭናቸው ላይ አሳረፏት፤ መጀመሪያ በሶምሶማ፣ በኋላ በእርምጃ፣ ፈረሱ ራሱ ጆሮውን አቁሞ እስኪያዳምጣቸው ድረስ። ሲያቆሙ ልጓሙን ለእኔ አስጨበጡኝና ሄደው እትዬ ሸዋዬ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ።